ዳስተሩን አራግፊልኝ፦ የተጨነቀ ተማሪን ሰው ሳያውቅበት ማሳረፍ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትሄዱ ከምታገኟቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል። አንዱ ክፍሌ 52 ልጅ አለው።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ክፍልፋይ እንድትደምር ጠራኋት። ወጣች። የሹራቧን እጅጌ ጎትታ ጣቶቿን ሸፍናለች፤ ጠመኔው ከእጅጌው ጫፍ ትንሽ ብቅ ብሏል። 2/3 ብላ ጻፈች። የመደመር ምልክቱ ላይ ጠመኔው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ እጇ አልተንቀሳቀሰም። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ትንፋሿ ፊተኛው ዴስክ ድረስ ይሰማል። እኔም ደግ መሆኔ ነው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አንቺ ልጅ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ? ውጪ ውጪ፣ ትንሽ ነፋስ ያግኝሽ» አልኳት። 51 ራስ ወደ እሷ ዞረ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ልጅቷ ወጣች። በማግስቱ ቀረች። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም።

እረፍት የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። ለካስ መድረክ ላይ ነው ያወጣኋት።

እኛ ጋ ልጅን ከጭንቀቱ በላይ የሚያንቀው ይሉኝታው ነው። «አዩኝ፣ አወቁብኝ፣ ነገ ሙድ ይይዙብኛል።» ስለዚህ እረፍቱ ራሱ ካልተደበቀ ጭንቀቱን እጥፍ ያደርገዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ እየሞከርኩ፣ እየሳትኩ የደረስኩበትን አሠራር እነሆ። የተጻፈው 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ የተጨናነቀ ክፍልና ምንም ትርፍ ክፍል ለሌለው መምህር ነው። አማካሪና ማረፊያ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ የምትሠሩ ዕድለኞች ናችሁ፣ እናንተም ግን አንብቡት።

1. ከመፈንዳቱ በፊት ማየት

ጭንቀት ሲመጣ አካል ቀድሞ ያውቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ሆድ ይገለባበጣል። ሰውነቱ ለመሮጥ ወይም ለመደባደብ ተዘጋጅቷል፤ ልጁ ግን ሦስት ሆነው በተቀመጡበት ዴስክ መሀል ተቀርቅሯል። የትም መሄጃ የለውም።

መጀመሪያ የምታዩት ትንንሽ ነገር ነው። ሲጽፍ የነበረ ልጅ ያቆማል፣ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነው ግን አያነብም። እርሳሱን አሁንም አሁንም ይቀርጻል። አንዱን ቃል ይሰርዛል፣ ይጽፋል፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ይሰርዛል። ጆሮውን ይሸፍናል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስቴ ሽንት ቤት ይጠይቃል። ወንዶቹ ብዙ ጊዜ በቀልድ ወይም በጠብ ያወጡታል። ምንም ሳይነካው ጎረቤቱን በክርን የሚገፋ ልጅ ሁልጊዜ ባለጌ አይደለም።

የሚያመልጡን ዝምተኞቹ ናቸው። የሚረብሽ ልጅ ራሱን ያስታውቃል። ጸጥ ብሎ የሚሰምጠውን ግን «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ» እያልን እናልፈዋለን። እኔ ራሴ ያቺን ልጅ ለሁለት ወር «ጨዋ» ስላት ነበር።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ አጣሩ፦ በልቷል? ተኝቷል? የከተማው የምገባ ፕሮግራም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ብዙ ነገር አቅሏል። ዘግይቶ የደረሰ ልጅ ግን ቁርሱ ያመልጠዋል። ደግሞ ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ ሲፈርስ ቤተሰባቸው ወደ ከተማው ዳር የሄደ፣ ትምህርት ቤታቸውን ግን ያልቀየሩ ልጆች አሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ታክሲ የተሰለፈ ልጅ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ዓይኑ ቢቀላ እንቆቅልሽ አይደለም። ለሱ ከየትኛውም ዘዴ በፊት የሚያስፈልገው ዳቦና ሃያ ደቂቃ እንቅልፍ ነው።

ሌላው ከቤት የሚመጣው ወሬ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ቤት ውስጥ የሚወራው ግን አሁንም ያ ነው። ታላቅ እህቷ የወደቀችባት የሰባተኛ ክፍል ልጅ የኔን የአስር ደቂቃ ፈተና እንደ ማትሪክ ነው የምታየው።

2. ስምምነቱን በደህና ቀን ማድረግ

ጭንቀቱ በመጣበት ሰዓት መደራደር አይቻልም። ልጁ ደህና በሆነበት ቀን፣ ከክፍል ውጭ፣ አጭር ወሬ ያስፈልጋል።

የት? ስታፍ ሩም አትጥሩት። ስታፍ ሩም የተጠራ ልጅ በተማሪው ዘንድ ጥፋተኛ ነው። እኔ የምጠቀመው ደረጃውን ነው። ከባንዲራ ሥነ ሥርዓት በኋላ ተማሪው ወደ ክፍል ሲወጣ ደብተር አሸክሜ አብሬ እወጣለሁ። ሁለት ፎቅ ለአንድ ቁም ነገር ይበቃል።

ያቺን ልጅ በአራተኛው ቀን ስትመጣ እንዲህ አልኳት፦ «ስሚኝ፣ ያን ቀን ጥፋቱ የኔ ነው። እንደዚያ ሲሆንብሽ መጀመሪያ ምን ይሰማሻል? ሆድሽ ነው ወይስ ትንፋሽሽ?»

ሦስት ደረጃ ዝም ብላ ወጣች። ከዚያ «ጆሮዬ ቲቸር» አለች። «ይጮህብኛል።»

ይህን በራሴ አላውቀውም ነበር። ስለዚህ አትገምቱ፣ ጠይቁ። «ለምን ትጨነቂያለሽ?» ግን አትበሉ። ለምን የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፣ መልሱን ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሷም አታውቀውም። የሚጠየቀው «ምን ይቀድማል? ምን ያቀልልሻል?» ነው።

ከዚያ ምልክት ተስማሙ። ባለቀለም ካርድ ዴስክ ላይ ማስቀመጥ የሚለውን ምክር ብዙ ቦታ ታገኙታላችሁ። ሦስት ልጅ አንድ ዴስክ በሚጋራበት ክፍል ካርዱን ቀድሞ የሚያየው ጎረቤት ነው። ምልክቱ ሁሉም ልጅ ያለው ተራ ዕቃ መሆን አለበት። የእኛ ላጲስ ነበር። ላጲሱ ከተኛ ደህና ነኝ፣ በጠርዙ ከቆመ እርዳኝ። ሌላ ልጅ የእስክሪብቶውን ክዳን አውልቆ ያስቀምጣል። ሌላው ደብተሩን ይገለብጣል። እጅ ማውጣት አይሆንም፤ እኛ ጋ እጅ ማውጣት ማለት ጣት እያጮኹ «ቲቸር! ቲቸር!» ማለት ነው።

የመልስ ምልክትም ያስፈልጋል፣ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ላጲሱን አቁማ «አየኝ ይሆን?» እያለች የምትጠብቅ ልጅ የባሰ ትጨነቃለች። እኔ በዴስኳ በኩል ሳልፍ በሁለት ጣት ጠርዙን ነካ አደርጋለሁ። አይቻለሁ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ኃላፊነቱ የኔ ነው።

3. ትልልቆቹን ማስያዝ

ልጅ ብቻዋን ኮሪደር ላይ ከታየች ዩኒት ሊደሩ «ክፍልሽ የት ነው? ማን ፈቀደልሽ?» ይላታል። ሥራው ነው። ያን ጊዜ እረፍቱ ገደል ገባ። ስለዚህ አስቀድሞ ሦስት ሰው ይነገረው፦ ዩኒት ሊደሩ፣ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው እህታችን፣ የበሩ ዘበኛ። የኛ ዘበኛ፣ ጋሼ እንላቸዋለን፣ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ሞልተው የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው። ውኃ ያለው ሰው ለዚህ ሥራ ዋና ነው።

ምን ይነገራቸው? «ይህቺ ልጅ ዳስተር ወይም ደብተር ይዛ ካያችኋት የላክኋት እኔ ነኝ፣ አትጠይቋት። በአስር ደቂቃ ካልተመለሰች አንድ ሰው ላኩብኝ።» በቃ። ሕመሟን፣ የቤቷን ነገር፣ ያለቀሰችበትን ቀን መዘርዘር አያስፈልግም። ስታፍ ሩም የገባ ወሬ እስከ ምሳ ሰዓት በሻይ ይጠጣል።

4. ከመቀመጫ ሳይነሱ ማሳረፍ

ከአስሩ እረፍት ሰባቱ መውጣት አይፈልግም። ምልክቱን ስታዩ መጀመሪያ ክፍሉን በሙሉ አሳርፉት። እሷ በብዙኃኑ ውስጥ ትጠፋለች።

እኔ በጣም የምወደው ማርጂን ነው። «ደብተራችሁን ግለጡ፣ አዲስ ገጽ፣ ቀን ጻፉ፣ ማርጂን አስምሩ። ቀጥ ያለ ይሁን፣ ዞሬ አያለሁ።» ክፍሉ ጸጥ ይላል። 52 ማስመሪያ ወረቀት ላይ ይፋተጋል። ሦስት ደቂቃ ማንም ማንንም አያይም፣ ማንም አይጠየቅም፣ ሁሉም ራሱን ደፍቷል። ራስ መድፋት የተፈቀደበት ጊዜ ለተጨነቀ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ልጆቹ «ቲቸር በማርጂን አበደ» ይሉኛል። ይበሉ።

ሌላው ሰሌዳ ላይ ያለውን ምሳሌ ዝም ብሎ መገልበጥ ነው። ይህ እንደ ሰነፍ ማስተማር ይቆጠራል፣ አውቃለሁ። ሁልጊዜ ከሆነ እውነት ነው። ለአራት ደቂቃ ግን መድኃኒት ነው። አእምሮ ያርፋል፣ እጅ ይሠራል።

ሦስተኛው ሁሉንም ማስነሳት። «ተነሱ፣ ተንጠራሩ፣ መስኮት ዳር ያሉ መስኮት ክፈቱ።» አየር ይገባል። የውጩ የግንባታ ድምፅም አብሮ ይገባል፤ እንደ ያቺ ልጅ ጆሯቸው የሚጮህባቸው ካሉ ግን መስኮቱ ይዘጋ፣ መብራቱም ይጥፋ።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ ልጅቷን አትዩአት። ያ ነው ከባዱ። መምህር ወዳየበት 51 ልጅ ያያል። ከሷ በተቃራኒ ጥግ ቁሙ፣ የሌላ ልጅ ማርጂን ጠማማ ነው ብላችሁ ተከራከሩ።

በቀሩት ደቂቃዎች ደግሞ አትጥሯት። «ዛሬ አልጠራሽም» ብሎ ማሳወቅ ራሱ ግማሽ እረፍት ነው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ሁለተኛ ጊዜ ስነካ ለእኛ ትርጉሙ እሱ ነው።

5. መላክ

ይህ አልበቃ ሲል መውጣት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ባህላችን ራሱ ያግዘናል። መላክ እኛ ጋ ክብር ነው። ትልቅ ሰው ልጅ የሚልከው ሲያምነው ነው። የተላከ ልጅ ሲመለስ «እደግ፣ ተመንደግ» ይባላል። ማንም «ምን ሆኖ ነው የወጣው?» አይልም። ከዚህ የተሻለ መሸፈኛ ከየትም አይመጣም።

የመጀመሪያው ዳስተር ነው። «ዳስተሩን አራግፊልኝ» ስላት ልጅቷ ከክፍል ትወጣለች፣ ግድግዳ ላይ ደጋግማ ትመታለች፣ ብናኙ ይወጣል፣ እጇ ይሠራል። ሲመቱ ደግሞ ደስ ይላል፣ ሞክሩት። አስም ያለበትን ልጅ ግን ዳስተር አታስራግፉ። ለሱ ደብተር መሸከም ይሻላል።

ደብተር መሸከም በእርግጥ ከሁሉም ይበልጣል። ከባድ ነገር መሸከም፣ መግፋት፣ መጎተት ጡንቻን ስለሚያሠራ ብዙ ልጆችን ያረጋጋል። የሙያ ሕክምና (ኦኩፔሽናል ቴራፒ) ባለሙያዎች፣ ማለትም በዕለት ተዕለት ሥራ የሚያክሙ ሰዎችም ይህን ይጠቀሙበታል። ሃምሳ ደብተር ከክፍል እስከ ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ጥጉ ላይ መቀመጥ፣ ከዚያ ባዶ እጅ መመለስ። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ጥያቄ ሳትጠይቅ ትቀበላታለች።

ሽንት ቤትን መሸፈኛ አታድርጉ። በተለይ ለሴቶች። ሁለተኛው ቀን ላይ ወንዶቹ ወሬ ይጀምራሉ፣ ወሬው ደግሞ ከጭንቀቱ የከፋ ይሆናል።

ሕጎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ሌሎችም ይላኩ። ሰኞ ሁለት ደህና ልጆች፣ ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ እሷ። ሁልጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ከተላከች «የቲቸር ልጅ» ትባላለች፤ እኔ ላይ ደርሷል፣ ለማስተካከል ወር ፈጀብኝ። ሁለተኛ፣ ለልጅቷ አትዋሹ። መልእክቱ ለክፍሉ ነው የሚሸፍነው፣ እሷ ግን ምን እንደሆነ ታውቃለች። እርሷ ሳታውቅ የምትላክ ከሆነ «ከክፍል እያባረረኝ ነው» ብላ ትረዳዋለች።

መላክን ከማባረር ለዩት። «ውጣ!» ቅጣት ነው። በር ላይ ማስቆም፣ ማንበርከክ ቅጣት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ትናንት በር ላይ የተንበረከከ ልጅ ዛሬ በዚያው በር «ለእረፍት» ቢወጣ አያርፍም።

6. ውጭ ምን ትሥራ?

ቁጭ ብላ ስለጭንቀቷ ብታስብ ይብስባታል። የሚሠራ ነገር ይኑራት። አስቀድማችሁ በደህናው ቀን አለማምዷት።

ቀዝቃዛ ውኃ። ፊትና የእጅ አንጓ። ቧንቧው ከሌለ የጋሼ ጀሪካን።

ትንፋሽ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ በአፍ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብሎ። ዋናው የሚወጣው ከሚገባው መርዘሙ ነው። አምስት ጊዜ። በፌስታል ማስተንፈስ የሚባለውን ተዉት፣ አደጋ አለው።

መቁጠር። የምታየውን አምስት ነገር፣ የምትነካውን አራት፣ የምትሰማውን ሦስት፣ የምታሸተውን ሁለት፣ የምትቀምሰውን አንድ። ልጆቼ ይህን በራሳቸው አድርገውታል። አንዱ ከግቢው ሆኖ የሚሰማውን «ታክሲ፣ የጊዮርጊስ ደወል፣ ግራይንደር» ብሎ ነገረኝ። ፒያሳ ማለት ይኸው ነው።

ስንት ደቂቃ? ምልክቱ ቀድሞ ከታየ ከአምስት እስከ ሰባት። ዘግይታችሁ ከሆነና ልጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ እስከ አስራ አምስት ታገሱ። የድንጋጤ ማዕበል ብዙ ጊዜ በአስር ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ደርሶ ይወርዳል። ለልጁም ይህን ንገሩት። «ይወርዳል» ብሎ ማወቅ ራሱ ያወርደዋል።

7. መመለስ

በዝምታ። ስትገባ ንግግራችሁን አታቋርጡ። ዕቃውን ስትሰጣችሁ «እደጊ» በሉ፣ እንደ ማንኛዋም የተላከች ልጅ። በቃ።

«ተሻለሽ?» አይባልም። ፊቷን ለማየት አታጎንብሱ። ያመለጣትን ምሳሌ አጠገቧ ያለችው ልጅ ትገለብጥላት፣ ይህንንም «ሁላችሁም ደብተራችሁን ከጎረቤታችሁ አስተያዩ» ብሎ ማሠራት ይቻላል። መቀመጫዋ ከበሩ በኩል ጫፍ ላይ ቢሆን ሰው ሳታስነሳ ትገባለች። ቦታ ስትቀይሩ ግን እሷን ብቻ አትቀይሩ፣ ክፍሉን ሁሉ አዟዙሩ።

8. ሌሎቹ ሲጠይቁ

ይጠይቃሉ። «ቲቸር፣ ለምን እሷ ብቻ?» መልሴ አጭር ነው፦ «ነገ አንተ ነህ። ስምንት ሰዓት ላይ ጠመኔ ታመጣልኛለህ።» እና በእውነት እልከዋለሁ። ሙድ የሚይዝ ካለ በክፍል ፊት አልገስጸውም፤ ከገሠጽኩት ስለማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለብቻው፣ በዚያው ደረጃ ላይ።

9. ደብተር መያዝ

«ቲቸር እየተሸወዱ ነው» ያለኝ የክፍል አለቃ ነበር። ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ልጅ መልእክቱን መፎረፊያ ያደርገዋል። ይህን በክርክር አትፈቱትም፣ በደብተር ነው። ለሁለት ሳምንት ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ቀኑን፣ ክፍለ ጊዜውን፣ ከምልክቱ በፊት ምን እንደነበር። ስም አትጻፉ፣ ደብተር ይጠፋል። አንድ ፊደል ይበቃል።

እኔ የጻፍኩት ያሳየኝ ነገር አሳፍሮኛል። የዚያች ልጅ ላጲስ ዘጠኝ ጊዜ ቆሟል። ከዘጠኙ ሰባቱ «ማን ይወጣል?» ብዬ ስም ዝርዝር መጥራት በጀመርኩበት ደቂቃ ነው። ችግሩ ሒሳብ አልነበረም። በስም እየጠራሁ ማስወጣቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰሌዳ ላይ የሚወጣ ልጅ ከአንድ ደቂቃ በፊት በጆሮው እነግረዋለሁ፣ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ። የእረፍቱ ቁጥር በራሱ ቀነሰ።

የሚሸውድም ካለ ደብተሩ ያሳያል። ፈተና ባለበት ቀን ብቻ የሚቆም ላጲስ ወይ ሽወዳ ነው ወይ የፈተና ፍርሃት። ሁለቱም ወሬ ይፈልጋሉ፣ ዱላ አይፈልጉም።

በሰዓት ማረፍ የሚያስፈልጋቸውም አሉ። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 ከከፈቱ ወዲህ ኦቲዝም የሚለው ቃል ቢያንስ በከተማው ይታወቃል፤ በመደበኛ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችም አሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ምልክት ለመስጠት እስኪያስታውስ ድረስ ድምፁና ብርሃኑ ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። ለሱ ምልክት አትጠብቁ። በየ15 ደቂቃው አንድ ሥራ ስጡት። ጠመኔ ማደል፣ መስኮት መክፈት፣ ሰሌዳ ማጥፋት። የሱ ሥራ ይሁን፣ ሁሌም በአንድ ሰዓት።

10. እረፍት የማይበቃበት

ልጅ ራሱን ስቶ ከወደቀና ከተንፈራገጠ ጭንቀት ነው ብላችሁ አትለፉት። በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ስር ሹራብ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። ክብሪት አትለኩሱ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ 907 ደውሉ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ለኛ ሠፈር የካቲት 12 ሆስፒታል ቅርብ ነው።

«መኖር ሰልችቶኛል» ያለ ልጅ ዳስተር አያራግፍም። ብቻውን አይላክም። የቤት ጥቃት የነገረቻችሁ ልጅም እንዲሁ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ «የሚረዳሽን ሰው ብቻ ነው የምነግረው» በሉ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ያለው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል።

ወላጅ ሲጠራ «ወላጅ አምጪ» አትበሉ። ያ ቃል ለልጅ የጥፋት ማስታወቂያ ነው። ስልክ ደውሉና ከሰላምታው ቀጥሎ መልካም ነገሯን ተናገሩ። እናቷ «ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል አስገባታለሁ» ቢሉ አትከራከሯቸው። «ጠበሉም ይሁን እማማ፣ ጤና ጣቢያም እንውሰዳት» ማለት ይቻላል። አማኑኤል ሆስፒታል የሚለው ስም ብዙ ወላጅ ያስደነግጣል። ጤና ጣቢያው ካስፈለገ ራሱ ይልካል።

11. የፈተና ቀን

በዚህ ቀን መላክ የለም። የፈተና ክፍል ወጥቶ መግባት አይፈቅድም። ስለዚህ እረፍቱን ከፊት አድርጉት። ወረቀቱን ከማደሌ በፊት ሁሉም እርሳሱን ያስቀምጥና ሦስት ጊዜ ሻይ እናበርዳለን፣ ልጆቹ እንደዚያ ነው የሚሉት። 52 ልጅ በአንዴ ሲተነፍስ ክፍሉ ይሞቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ማንም የማይስተው ይሁን።

12. ራሳችሁስ?

ይህን ማንም አይጽፈውም። ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ድምፄ ሲቀጥን፣ አንድ ልጅ «ገጽ ስንት ነው?» ብሎ ለአራተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ጠመኔውን የምወረውርበት ቀን አለ። ከጎን ካለው ክፍል መምህርት ጋር ተስማምተናል። ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳለሁ። ብቅ ትልና «ዳስተር አበድረኝ» ትላለች፤ እሷ በር ላይ ቆማ ሁለቱንም ክፍል ስታይ እኔ እስከ ቧንቧው ደርሼ እመለሳለሁ። እሷም ስታንኳኳ እንደዚያው።

ባለፈው ሐሙስ ሁለቴ ዳስተር ልበደር ሄጃለሁ። ሁለቴም የኔ ዳስተር እጄ ላይ ነበር። ከልጆቿ ማንም ልብ አላለም።